የቅዳሜ መሪ

«እሷማ ምግቡን ትይዛለች፤ ሌላ ምን ትይዛለች?»

ይህን የሰማሁት ባኞ ቤት ሆኜ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው። የባኞ ቤታችን መስኮት ወደ ግቢው ነው የሚከፈተው፤ መስታወቱ ከተሰበረ ቆይቷል፣ በካርቶን ጋርደነዋል፣ ስለዚህ ግቢ ውስጥ የተወራ ሁሉ ከሳሙና ማስቀመጫው አጠገብ የተወራ ያህል ይሰማል። ባለቤቴ ሁንዴ መኪናዋን ተደግፎ ከታናሽ ወንድሙ ከጉዲሳ ጋር በስልክ ይነጋገራል። ካቦውን ማን እንደሚይዝ፣ አካፋውን ማን እንደሚይዝ፣ ክሪኩን ማን እንደሚይዝ ተከፋፈሉ። በመጨረሻ ጉዲሳ «ሳያትስ?» ብሎት መሆን አለበት፣ ሁንዴ ሳቅ አለና ያን አለ። ክፋት የለውም፤ ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ክፋት ቢኖረው ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ እጣላዋለሁ። እሱ ግን ስለ ስኮርታ ጎማ እንደሚያወራ ሰው እንደ ዋዛ ነው ያለው። የጥርስ ሳሙናዬን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ያቺ አሮጌ ላንድ ክሩዘር እኮ ከሰኞ እስከ አርብ የእኔ ናት። ልጃችንን ሌሊሴን ቤቴል ትምህርት ቤቷ የማደርሳት እኔ፣ ጦር ኃይሎች ወዳለው የመጋረጃ ሱቄ ጣቃ ጨርቅ የምጭንባት እኔ፣ ጎረቤት ምጥ ሲይዛት «ሳያትን ጥሯት» የሚባለው እኔ። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወደ እኛ ሰፈር የሚያስገባውን መንገድ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። ለውሃ ተብሎ ይቆፈራል፤ የውሃው ሳይደፈን ለመብራት ይቆፈራል፤ የመብራቱ ሳይደፈን ክረምት ይገባና ሁለቱ ጉድጓዶች ተገናኝተው ይጋባሉ። እኔ በየቀኑ ከእነዚህ ባልና ሚስት ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነው ከሰፈር የምወጣው። ቅዳሜ ሲሆን ግን መኪናዋ የወንድ ትሆናለች። ሁንዴንና ጉዲሳን «ኦፍ ሮድ» የሚሉት ነገር ከያዛቸው ዓመት ሊሞላ ነው። ከጓደኛቸው ከአምሐ ጋር ከከተማ ይወጣሉ፣ ያለውን መንገድ ትተው መንገድ የሌለበትን ይፈልጋሉ፣ ጭቃ ሲያገኙ ይገባሉ፣ ከገቡበት ለመውጣት ግማሽ ቀን ይለፋሉ፣ ሲወጡ ደግሞ ይተቃቀፋሉ። እኔ ይህንኑ ከሰኞ እስከ አርብ አደርገዋለሁ፣ አንድም ሰው አቅፎኝ አያውቅም።

መኪናዋ በወረቀት የአማቴ የእማማ ድንቅነሽ ናት። ሊብሬው በስማቸው ነው፣ ሕጉንም ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ አስፋልቱ የሳያት፣ ጭቃው የሁንዴ። ለምን ቢባሉ፣ ሴት ልጅ ጭቃ ውስጥ መሪ ይዛ አይተው አያውቁም፣ በቃ። ክፉ አማት ግን አይደሉም፤ ታምሜ ስተኛ ልብሴን አጥበውልኛል፣ ሱቄ የተከፈተ ቀን ከማንም በፊት መጥተው የማያስፈልጋቸውን መጋረጃ ገዝተውኛል። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከልጆቻቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከእግዜር ጋር በሁለቱም ነው የሚያወሩት። ሲደነግጡ ግን ለማንም ቢሆን ኦሮምኛው ነው የሚቀድማቸው። አንድ የሚወዱት ቃል አላቸው፦ «ሂን ዴሚን»። «ዴሚ» ማለት ሂጂ ነው፣ ሂድም ነው፤ «ሂን ዴሚን» ግን አትሂጂ፣ አትሂድ። ሌሊሴ በዝናብ ልትወጣ ስትል ሂን ዴሚን። ጉዲሳ ዱባይ ሄጄ ልሥራ ሲል ሂን ዴሚን። ዶሮዋ ወደ ጎረቤት አጥር ስትጠጋ ሂን ዴሚን። አያቷን አኮ የምትለው ልጄ ይህን ቃል «የአኮ ቀይ መብራት» ብላ ሰይማዋለች። የእኔ ኦሮምኛ እንግዲህ በጋብቻ የመጣ ነው፤ ቀስ ተብሎ ሲነገረኝ ይገባኛል፣ ሲፈጥን ጫፍ ጫፉን ነው የምይዘው።

ዛሬ ታዲያ ምን ተገኘ፣ እማማ ድንቅነሽ አብረውን ሊሄዱ ነው። «በዚህ በናፍጣ ዋጋ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ጭቃ ሲፈልግ አይቼ ልሙት» ብለው ከትናንት ጀምሮ ጫማቸውን በር ላይ አዘጋጅተዋል። እኔም እዚያው ባኞ ቤት ቆሜ ወሰንኩ፤ ዛሬ እኔም አንዴ እነዳለሁ። የምፈልገው ብዙ አይደለም። ልጅ ሳላደርስ፣ ጨርቅ ሳልጭን፣ ትራፊክ ፖሊስ ሳያፈጥብኝ፣ ያቺን መኪና መንገድ በሌለበት አንድ ጊዜ ለደስታ ብቻ መንዳት። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ለደስታ ብቻ ብዬ ያደረግኩት ነገር ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። አፌን ተጉመጠመጥኩና ወደ ኩሽና ገባሁ።

ፍልሰታ የተፈታው በዚያው ሳምንት ስለነበር ምንቸት አብሽ ነው የሠራሁት። ቲማቲም እንኳ አላስገባሁበትም፤ የቲማቲም ዋጋ ሰሞኑን ሰላምታ ቢሰጡትም አይመልስም። ሽንኩርቱን በንዴት ስለከተፍኩት ደቆ ዱቄት ሆነ፣ ለዚህ ነው መሰለኝ ወጡ እንደዚያ ቀን ተዋጥቶልኝ አያውቅም። ሁንዴ ገብቶ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ።

«አልበዛም? ለነገሩ አምሐ እንደሆነ ይበላል» አለ።

«ዛሬ እኔም እነዳለሁ» አልኩት፣ ከምድጃው ዞር ሳልል።

ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰው። ባሌ ሲጨንቀው ጆሮውን ይነካል፤ ነካው። «እኔ እኮ ምንም... እማዬን ጠይቂያት» አለኝና ከተበሳ ጎማ እንደሚወጣ ነፋስ ሹልክ ብሎ ወጣ። ወንዝ የማይፈራ ሰው እናቱን ይፈራል። አልተከተልኩትም፤ ዝም አይነቅዝም። ክዳኑ እንዳይከፈት ድስቱን በፎጣ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት።

ሁንዴ መሪ ላይ፣ እማማ ድንቅነሽ ጋቢና፣ ከኋላ ጉዲሳ፣ ሌሊሴና እኔ፣ በጉልበቶቼ መሃል ድስቱ። ሞተሩ ተነስቶ ልንወጣ ስንል እማማ እጃቸውን አነሱና «እንጸልይ» አሉ። የእማማ ጸሎት እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው፣ በየፌርማታው ይቆማል። ለመንገዱ ጸለዩ፣ ለጎማው ጸለዩ፣ ለታመሙት፣ ለታሰሩት፣ ለጎረቤታችን ልጅ ፈተና፣ ለአገር ሰላም። ናፍጣው እየነደደ ነው፣ ስለ ዋጋው ግን ማንም አልተነፈሰም። በመጨረሻ «ይህንንም ድስት ጠብቅ» አሉ፣ አሜን ብለን ወጣን።

እነዚያ የተጋቡት ጉድጓዶች ጋ ስንደርስ ሁንዴ መኪናዋን አቆመ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ግራና ቀኝ አየ፣ ፎር ዊል አስገባ። ጉዲሳ ወርዶ ከፊት ሆነና «ና፣ ና፣ ወደ ቀኝ ሰበር፣ መልስ፣ ና» እያለ በእጁ ይመራው ጀመር። እኔ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትናንት ጠዋት በአንድ እጄ የሌሊሴን የክረምት ትምህርት ምሳ ዕቃ ክዳን እየገጠምኩ አልፌበታለሁ። ሌሊሴ አየችኝ፣ አየኋት፣ ሁለታችንም ወደ ውጭ ማየት ጀመርን። ሲያልፍ ጉዲሳ ኮፈኑን መታ መታ አደረገና ወንድሙን «ጀግና» አለው። ያኔ እማማ ድንቅነሽ በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያዩኝ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እሳቸውም ያን መንገድ በየቀኑ ከእኔ ጋር ነው የሚያልፉት፤ ገበያ ስወስዳቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳደርሳቸው። ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ቤቴል ነዳጅ ማደያው ጋ አምሐ ከአዲሷ መኪናው ጋር ቆሞ ጠበቀን። አምሐ ጦር ኃይሎች የመኪና ዕቃ መደብር አለው፣ የእነ ሁንዴ ቡድን አለቃም ነው፤ ማን ሾመው ቢባል ራሱ። መኪናው ላይ የሌለ ነገር የለም። ከኮፈኑ ጎን ተነስቶ እስከ ጣሪያ የወጣ ጥቁር ቱቦ ሳይቀር ተገጥሞላታል። እማማ ድንቅነሽ ምንድነው ብለው ጠየቁት፣ መኪናዋ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ስትገባ የምትተነፍስበት ነው ብሎ በኩራት አስረዳቸው። «ዓሣ አትገዛም ነበር ታዲያ?» አሉት። ከዚያ አየር ጤናን አልፈን፣ ዓለም ገናን አልፈን ወጣን። መንገዱን ሙሉ የተወራው ስለ ጤፍና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ጉዲሳ የተከራየባት አንዲት ክፍል ሰውዬው እንደገና ሊጨምርበት እንደሆነ አወራ፣ እማማ «እኔ ቤት ክፍል እያለ» አሉ፣ እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ድስቱ ብቻ ከጉልበቴ ጋር እየተጋጨ ኳ ኳ ይላል።

ወጨጫ ግርጌ ስንደርስ ሲወርድ የነበረው ዝናብ አባርቷል። የሰው ማሳ እንዳንረግጥ የከብት መሄጃውን ይዘን አንድ ጅረት ዳር ደረስን። ውሃው ቢበዛ ጉልበት ቢደርስ ነው። ክፉው ማዶ ያለው ዳገት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጭቃና ጠጠር የተቀየጠበት። ከዳገቱ በላይ ለጥ ያለ ሜዳና አንድ ትልቅ ጽድ አለ። አምሐ ሁልጊዜ «ዛሬ ምሳችን ጽዱ ስር ነው» ይላል፣ ሁልጊዜም ከጅረቱ ወዲህ ይበላል። አንድ ገበሬ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲያየን ቆይቶ በኦሮምኛ ምን ጠፍቷችሁ ነው ብሎ ጠየቀ። ሌሎቹ መልስ ሲፈልጉ እማማ ድንቅነሽ ቀደሙና «ጭቃ» አሉት። ሰውዬው መኪኖቹን አየ፣ እማማን አየ። አዲስ አበባ ጭቃ አለቀ እንዴ አለ። «የእኛ ደጅ ሞልቷል፤ እነሱ የሰው ደጅ ጭቃ ነው የሚጣፍጣቸው» አሉት። ይህን ሌሊሴ ነች የተረጎመችልኝ። ገበሬው ሳቀ፣ እማማም ሳቁ፣ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ያን ጊዜ ነው የጠየቅኋቸው። ሳቁ ገና ከፊታቸው ሳይጠፋ ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ ዛሬ አንዴ እኔ ልሞክራት?» አልኳቸው። ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወደ ወንዙ አዩ፣ ወደ ዳገቱ አዩ፣ ሁንዴን አዩ። «ሂን ዴሚን» አሉ፣ በቀስታ፣ ለዶሮዋ እንደሚሉት። አልተቆጡም። ጉዲሳ ያልታሰረውን ካቦ መፍታት ጀመረ። አምሐ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ሁንዴ ጆሮውን ነካ፤ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት። ከፋኝ፤ ደህና አድርጎ ከፋኝ። ሌሊሴ አጠገቤ መጥታ ትከሻዋን ከትከሻዬ አስጠጋች። ማልቀስ አማረኝ፣ ግን በሰው አገር ወንዝ ዳር ምን ይሁን ብዬ ነው የማለቅሰው። ሄጄ ድስቱን አየሁት፤ አልተደፋም።

መጀመሪያ አምሐ ገባ። ውሃውን አቋርጦ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ጎማው በባዶ መዞር ጀመረ፣ በጀርባው እየተንሸራተተ ወርዶ ወደ እኛ ተመለሰ። ቱቦው ግን ጠብታ አልነካውም። ቀጥሎ ሁንዴ። ሁንዴ እንኳን ዳገቱ ውሃውም ጋ አልደረሰም። ከጅረቱ ወዲህ ያለው መረሬ፣ ያ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር፣ አራቱንም ጎማ ግጥም አድርጎ ያዘው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ሰዎች መረሬ አላዩም። አምሐ ከኋላ በካቦ ሊጎትተው ሲሞክር የራሱ መኪና መስመጥ ጀመረች፣ ተወው። አካፋ መጣ፣ ድንጋይ መጣ፣ ቅጠል ተነጠፈ። በመጨረሻ መግፋት ነው ተባለ። ለመግፋት ደግሞ ያለው ወንድ ሁሉ ያስፈልጋል፣ ገበሬው ሳይቀር በትሩን አስቀምጦ መጣ። መሪ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ሌሊሴ ልጅ ናት፤ እማማ እማማ ናቸው።

«ሳያት፣ እስቲ መሪውን ያዢልን» አለ ሁንዴ።

ያዢልን። ድስት እንደሚያስይዝ ሰው። ትእዛዙም ተከተለ፦ ስንገፋ ቀስ አድርገሽ ነዳጅ ስጪያት፣ ከጭቃው እንደወጣሽ በቀኝ ወዳለው ሣር ስበሪና ቁሚ፣ ከዚያ እኔ እረከብሻለሁ። እሺ አልኩ። ገብቼ መቀመጫውን ወደ ፊት ሳብኩ፣ መስታወቱን ወደ ልኬ መለስኩት። ድስቱን ከኋላ እንዳይገለበጥ ብዬ አምጥቼ ጋቢናው ወለል ላይ፣ ከጎኔ አስቀመጥኩት። ልቆም ነበር፣ እውነቴን ነው። ቁሚ ተብዬአለሁ፣ እቆማለሁ ብዬ ነው የገባሁት።

ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩ። ከኋላ ወንዶቹ ተባብለው ገፉ። መኪናዋ ወደ ፊት አለች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ወደ ፊት አለች። እኔም በራችን ላይ እንደለመድኩት ከእሷ ጋር እሺ፣ እሺ እያልኩ ተወዛወዝኩ፣ ነዳጁን ስትፈልግ ሰጠኋት፣ ስትተወው ተውኩላት። ድንገት መረሬው ለቀቀ። ሣሩ በቀኜ፣ ጅረቱ ከፊቴ። መሪውን ልሰብር እጄን ሳነሳ እማማ ድንቅነሽን አየኋቸው። ውሃው ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ወጥተዋል። ነጠላቸውን በእጃቸው ጨብጠው እንደ ባንዲራ እያወዛወዙ ባላቸው ድምፅ ሁሉ ይጮሁብኛል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ጭቃውን መስኮቱ ላይ ይረጫል፣ እኔ ጫፍ ጫፉን ነው የሰማሁት። «ሂ» የሚል ሰማሁ። «ዴሚ» የሚል ሰማሁ። ሂጂ፣ ዴሚ። በአማርኛም ሂጂ፣ በኦሮምኛም ሂጂ። አማቴ፣ ሊብሬው በስማቸው የሆነው ሴትዮ፣ እንዳይጠፋኝ ብለው በሁለት ቋንቋ ሂጂ አሉኝ።

ሄድኩ።

ውሃው ግራና ቀኝ ተከፈለ። ውሃ ውስጥ ነዳጅ የለቀቀ አለቀለት፤ ይህን ያስተማረኝ ክረምትና የሰፈሬ ጉድጓድ ነው፣ አልለቀቅኩም። ዳገቱ ጋ ስትደርስ የፊቷ ጎማ በባዶ ዞረ፣ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አልኩላት፣ የሆነ ቦታ ድንጋይ ነከሰችና ወጣች። ከፊቴ መሬት ጠፋ፣ ሰማይ ብቻ ሆነ። ድስቱ ከጎኔ ሲዘል «ጠጋ በል፣ ደርሰናል» አልኩት። ከዚያ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገችና ሜዳው ላይ ቆመች። ጽዱ ከፊቴ ነው። ሞተሩን አጠፋሁት። ምንም ድምፅ የለም፣ ወፍ ብቻ ነው የሚንጫጫው። ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም፣ ተውኩት።

ወርጄ ወደ ኋላ ሳይ ማዶ ያለው ሕዝብ ጉድ ሆኗል። ሁንዴ ሲገፋት የነበረችው መኪና ድንገት ስትሄድበት በደረቱ መረሬው ላይ ተዘርግቷል። ጉዲሳ ወንድሙን ማንሳት ትቶ በሳቅ ተቀምጧል። አምሐ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ዳገቱን ያያል። ገበሬው ያፏጫል። ሌሊሴ ስልኳን እንደቀሰረች ትዘላለች። ሁንዴ ተነሳና እየተራመደ ሳይሆን እየቀዘፈ ጅረቱን ተሻገረ፣ ዳገቱን በእጁም በእግሩም ወጣ። ፊቱ ላይ የሚታየው ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው።

«ማነው ሂጂ ያለሽ?» አለኝ እያለከለከ።

«እናትህ።»

ዞሮ ማዶ እናቱን አየ። መልሶ እኔን አየ። ጆሮውን ሊነካ አለና ጭቃው ትዝ ብሎት እጁን መለሰ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ይህን መካድ አልችልም፣ በኩራት ነው ፈገግ ያለው። «አምሐን እኮ ገደልሽው» አለ። ይህ መተቃቀፊያችን ይሁን ብዬ ልጠጋው ስል ግን እጁን ዘረጋና «በይ ቁልፉን ስጪኝ፣ አሁን ሄጄ እማዬን ላሻግራት» አለኝ። እንግዲህ ደረሰ። ቀኑ ወደ ቦታው ሊመለስ ነው፤ እኔ ጽዱ ስር አቡጀዲ አነጥፋለሁ፣ እሱ ይነዳል። የተዘረጋ እጁን አየሁ። ወደ ጋቢናው ጎንበስ አልኩና ድስቱን አንስቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «እስቲ ይህን ያዝልኝ፣ ስመለስ እንዳይደፋ» አልኩት። ከባድ ነው፣ ገና ይሞቃል፣ በሁለት እጁ አቀፈው። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሄድኩ።

ቁልቁለቱን በቀስታ ወርጄ ውሃውን ተሻገርኩና መረሬውን በሣሩ በኩል ዞሬ እማማ ድንቅነሽ አጠገብ አቆምኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከሌሊሴ ጋር ስልኩ ላይ አጎንብሰዋል፣ ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ሌሊሴ ቪዲዮውን ከፍታላቸዋለች፤ እዚያ ውስጥ የእማማ ድምፅ ጥርት ብሎ «ሂን ዴሚን! ሂን ዴሚን!» ሲል ይሰማል፣ መኪናዋ ደግሞ በእያንዳንዱ ሂን ዴሚን ይበልጥ ትፈጥናለች። «አኮ፣ ቀይ መብራት ጣሰች እኮ» ትላቸዋለች ልጄ። እማማ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀና አሉ።

«ምን ሰምተሽ ነው?» አሉኝ።

«ሂጂ፣ ዴሚ» አልኳቸው።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

እንደገና ሳቅ ወሰዳቸው፤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፣ እሳቸውም ራሳቸው እንዲህ መሳቅ እንደሚችሉ የሚያውቁ አልመሰለኝም። ከዚያ እኔን ተደግፈው ጋቢና ገቡ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ፣ ነጠላቸውን አጣፉ። ሌሊሴ ከኋላ ዘላ ገባች። ይህን ጊዜ ጉዲሳ በእኔ በኩል በሩን ከፈተና «ነይ ውረጂ ሳያትዬ፣ እማዬን እኔ ላሻግራት፤ አንዴ ተሳካ ማለት ሁልጊዜ አይደለም» አለ። ልክ ነው፣ አንዴ ተሳካ ማለት ሁልጊዜ አይደለም። እማማ ድንቅነሽ ፊት ለፊት ወንዙን ነው የሚያዩት። እጄ ቁልፉ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ቤት በምን እንደሚያልቅ አውቀዋለሁ፤ ልወርድ አንድ እግሬን አወጣሁ።

«ጉዲሳ» አሉ እማማ፣ «በሩን ዝጋላት።»

እግሬን መለስኩ፣ ዘጋው። እማማ ከመስኮቱ በላይ ያለውን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ወደ እኔ አልዞሩም።

«ዴሚ» አሉ።

«እማማ፣ ከቃሉ ፊት ምንም የለውም?»

«ምንም የለውም። ዴሚ።»

ውሃው ጋ ስንገባ ጸሎት ጀመሩ፣ ዳገቱ ላይ ጸሎቱን ትተው «ዴሚ፣ ዴሚ፣ ዴሚ» አሉ፤ ለመኪናዋ ይሁን ለእኔ ወይም ለራሳቸው አላውቅም። ሌሊሴም ከኋላ ተቀበለቻቸው። ሰማዩ መጣ፣ ከዚያ ሜዳው መጣ፣ ጽዱ መጣ። ጽዱ ስር ሁንዴ ቆሟል፤ ከእግር እስከ ራሱ መረሬ ለብሶ፣ ጭቃው ላይ ማስቀመጥ ፈርቶ ድስቱን በደረቱ እንዳቀፈ ነው። እማማ ድንቅነሽ ዓይናቸው ሩቅ አያይም፣ አጥብበው አዩት።

«ሁንዴ ምን ይዞ ነው እንዲህ የቆመው?» አሉኝ።

«ምግቡን ነው፣ እማማ» አልኳቸው። «ሌላ ምን ይይዛል?»